ከሳንሆዜ እስከ ሳንሆዜ፦ የጁላይ ሳምንት ያስተማረን



ብዙዎቻችን የጁላይን ሳምንት የምናውቀው በልጅነታችን ወላጆቻችን እጃችንን ይዘው ስለወሰዱን ነው። ኳሱን፣ ድንኳኑን፣ የጥብሱን ጭስ፣ ለዓመታት ተለያይተው የቆዩ ጓደኛሞች የሚተቃቀፉበትን በር እናስታውሳለን። ዝግጅቱን ማን እንዳቋቋመው፣ በምን ገንዘብ እንደሚቆም፣ አንድ ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ እንዴት እንደተረፈ ግን የጠየቅን ጥቂቶች ነን።

በዛሬው የጥናት ገጻችን ከ2010 እስከ 2020 ያለውን አሥር ዓመት በዚህ በአንዱ መስኮት እናየዋለን። መነሻችን ጎረቤታችን ሳንሆዜ ናት። ከተማዋ ውድድሩን በ2010 አስተናገደች፤ በ2014 ደግማ አስተናገደች። ትምህርቱ ያለው በሁለቱ መካከል በሆነው ነገር ላይ ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

1. ፌዴሬሽኑ ምንድን ነው?

የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የተመሠረተው በ1984 ሲሆን የመጀመሪያው ውድድር በሂዩስተን፣ ቴክሳስ ተካሄደ። ዘመኑን እናስታውስ። አገር ቤት ደርግ ሥልጣን ላይ ነው። ረሃቡ የዓለም ዜና የሆነበት ዓመት ነው። አሜሪካ የነበረው ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ትንሽ ነበር፤ ከፊሉ ለትምህርት መጥቶ የቀረ፣ ከፊሉ ደግሞ የ1980ው የስደተኞች ሕግ በር የከፈተለት፣ በሱዳን በኩል የመጣ ስደተኛ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይሁን እንጂ በፖለቲካ ክፉኛ ተከፋፍሎ ነበር። ትናንት በአብዮቱ ውስጥ በተቃራኒ ወገን የቆሙ ሰዎች ዛሬ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ጎረቤት ሆነዋል። እነዚህ ሰዎች ስለ አገራቸው ሲነጋገሩ ይጣላሉ፤ ኳስ ግን አብረው ማየት ይችላሉ። የፌዴሬሽኑ መሠረት ይህች ቀላል ሐሳብ ናት።

አሠራሩም ቀላል ነው። በየከተማው ያለው ቡድን አባል ይሆናል። እያንዳንዱ ቡድን ተወካይ ይልካል። ተወካዮቹ ተሰብስበው ሥራ አስፈጻሚ ይመርጣሉ፤ አስተናጋጅ ከተማም ይወስናሉ። በየዓመቱ ከተማው ይለዋወጣል፤ ሳምንቱ ግን ያው ከአሜሪካ የነጻነት ቀን ጋር የሚገጥመው ሳምንት ነው፤ ምክንያቱም ሠራተኛው ፈቃድ የሚያገኘው ያኔ ነው። በጥቂት ቡድኖች የተጀመረው ውድድር ዛሬ ወደ 30 የሚጠጉ ቡድኖች ይሳተፉበታል። ውድድሩ እሑድ ይከፈታል፤ ዓርብ የኢትዮጵያ ቀን ይከበራል፤ ቅዳሜ ዋንጫው ይሰጣል።

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ዕድር ትዝ ይለዋል። ዕድርም እንዲሁ ነው፤ አባል ያዋጣል፣ ዳኛ ይመረጣል፣ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል፣ የቀረ ይቀጣል። ልዩነቱ ይህኛው ዕድር በአሜሪካ ሕግ ትርፍ የሌለው ድርጅት ሆኖ መመዝገቡና የጋራ ንብረቱ ድስትና ድንኳን ሳይሆን የአንድ ሳምንት ሜዳ መሆኑ ነው።

2. ሳንሆዜ፣ 2010

የቤይ ኤሪያ ኢትዮጵያዊ በአንድ ሰፈር የተሰበሰበ አይደለም። በኦክላንድ የቴሌግራፍ ጎዳናን ይዞ የሚሄድ ሰው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን ያገኛል፤ በቤተ ክርስቲያንም በኩል ኦክላንድ የቆየ ማዕከል ናት። ሳንሆዜ ደግሞ ሥራና ቤት ፍለጋ ወደ ደቡብ የወረዱ ቤተሰቦች ከተማ ናት፤ የሲሊከን ቫሊ መሐንዲስም፣ የታክሲ ሹፌርም፣ የነርሲንግ ተማሪም አለባት። በ2010 የባርት ባቡር ሳንሆዜ አይደርስም ነበር፤ የደረሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2020 ነው። ስለዚህ የኦክላንድ ሰው ወደ ጨዋታው የወረደው በአብዛኛው በ880 አውራ ጎዳና፣ በመኪና ተጠራርቶ ነው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ትሪቡን ላይ አብረው የሚቀመጡበት አጋጣሚ በዓመት ውስጥ ብዙ አይደለም፤ ይህ አንዱ ነበር።

ሳምንቱ ከደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ጋር ገጠመ። የኢትዮጵያ ቀን በሚከበርበት ዓርብ፣ ጁላይ 2፣ ጋና ከኡራጓይ ጋር ሩብ ፍጻሜ ተጫወተች። ሉዊስ ሱዋሬዝ ወደ ጎል የምትገባዋን ኳስ በእጁ መለሰ፤ አሳሞዋ ጂያን የመጨረሻዋን ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ከአግዳሚው ጋር አጋጨ፤ ጋና በመለያ ምት ወጣች። የአፍሪካ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለግማሽ ፍጻሜ ሊደርስ አንድ ምት ብቻ ቀርቶት ነበር። በካሊፎርኒያ ሰዓት ጨዋታው የተካሄደው እኩለ ቀን አካባቢ ነውና በዚያ ቀን የእኛም ሰው ሐዘኑንና በዓሉን ባንድ ላይ አስተናግዷል።

ጊዜው በባህልም ረገድ ሞቅ ያለ ነበር። ቴዲ አፍሮ በኦገስት 2009 ከእስር ተፈትቶ ወደ መድረክ ተመልሷል። እዚሁ ሳንፍራንሲስኮ ደግሞ ኢትዮጵያ ተወልዳ አሜሪካ ያደገችው ድምፃዊት መክሊት ሐደሮ በ2010 የመጀመሪያ ሙሉ አልበሟን አወጣች። አንዱ ከአገር ቤት የመጣውን ሙዚቃ ይዞ መጣ፤ ሌላዋ እዚህ የተፈጠረውን አሰማች። ሁለቱም የሚደመጡበት ማኅበረሰብ ተፈጥሮ ነበር ማለት ነው።

በትሪቡኑ ላይ ግን ጥያቄዎች ተቀምጠው ነበር። አንዱ ባንዲራ ነው። በ2009 አገር ቤት የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ዓርማ የሌለበትን ባንዲራ ከለከለ፤ በአሜሪካ ሜዳዎች ላይ ግን በብዛት የሚውለበለበው ልሙጡ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያ ሜዳ ላይ ያልነበረው ሰው ነው። የኦሮሞ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በዚያው ወቅት የራሱን ውድድር ያካሂዳል፤ ኤርትራውያንም የራሳቸው አላቸው። ስለዚህ «ሁላችንም የምንገናኝበት» ስንል «ሁላችንም» የሚለው ቃል ማንን እንደሚያካትት ማሰብ ይገባል። ይህን የምንለው ለመውቀስ አይደለም። የጋራ ሜዳ ሁልጊዜ ድንበር አለው፤ ድንበሩ የት እንደሆነ ማወቅ ደግሞ የጥናት መጀመሪያ ነው።

3. የ2012 መከፈል

ከሳንሆዜ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። በኦክቶበር 2010 የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ከእስር ተፈቱ። በውድድሩ ላይ የክብር እንግዳ ሆነው ይጋበዙ ወይስ አይጋበዙ በሚለው ላይ በአመራሩም በደጋፊውም መካከል ክርክር ተነሣ። ከክርክሩ ሥር ሌላ ጥያቄ ነበር፤ የፌዴሬሽኑ ትልቅ ስፖንሰር የነበሩት ባለሀብቱ ሼህ መሐመድ ሑሴን አል አሙዲ ናቸው። ደጋፊው «ገንዘብ የሚሰጠው ሰው እንግዳውንም ይመርጣል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ወገን ደግሞ «ስፖርቱን ለፖለቲካ መድረክ አታድርጉት» ብሎ መለሰ። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው «ፌዴሬሽኑ ነጻ ይሁን» በሚል ቃል ነበር፤ አንዱ ከገንዘብ፣ ሌላው ከፖለቲካ።

ውጤቱ በጁላይ 2012 ታየ። በአንድ ሳምንት ሁለት ውድድር ሆነ። ነባሩ ፌዴሬሽን ዳላስ ላይ አዘጋጀ፤ በአል አሙዲ ድጋፍ የተቋቋመው ኦል ኢትዮጵያን ስፖርትስ አሶሲዬሽን ዋን ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ፣ በአርኤፍኬ ስታዲየም አዘጋጀ። በአንድ በኩል ትልቅ ስታዲየም፣ ትልቅ ከተማና ትልቅ ገንዘብ ነበር። በሌላ በኩል የቆየ ስም፣ የአባል ቡድኖች ድምፅና ትኬቱን ከኪሱ የሚገዛ ደጋፊ ነበር።

የመከፈሉን ጉዳት ለማወቅ ወደ ቤታችን መመልከት ይበቃል። በየዓመቱ በዚያ ሳምንት የሚገናኙ የአንድ ትምህርት ቤት ጓደኞች በዚያ ዓመት «የት ነው የምትሄደው?» ብለው ይጠያየቁ ጀመር። ቀድሞ ይህ ጥያቄ ከተማን ለማወቅ የሚጠየቅ ነበር፤ በ2012 ግን ወገንን ለማወቅ የሚጠየቅ ሆነ። የጋራ ሜዳ የሚፈርሰው እንዲህ ነው፤ ተራ ጥያቄ የምርጫ ወረቀት ሲሆን።

4. ለንደንና ኔልስፕሩት

በዚያው በጋ፣ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ከተመለሰ አንድ ወር ሳይሞላው፣ የለንደን ኦሊምፒክ መጣ። ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር፣ ቲኪ ገላና በማራቶን፣ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር ወርቅ አገኙ። መሠረት መስመሩን አልፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ ስታወጣ ያየ ሰው ሁሉ ያለ ምንም ስብሰባ አንድ ላይ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ይበልጥ ያልተጠበቀ ነበር። በሰውነት ቢሻው የሚሠለጥነው ብሔራዊ ቡድን ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመለሰ፤ በኦክቶበር 2012 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈና ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ጎሎች አለፈ። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደረሱ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ በጃንዋሪ 21 ቀን 2013 ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ነበር። እዚህ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ስለነበረ ማለዳ ተነሥቶ ለማየት ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያ አገባች። በአሥር ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። ከዚያ በኋላ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ተሰናበተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ለብራዚል የዓለም ዋንጫ በመጨረሻው ማጣሪያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸነፈችው።

ለእኛ ጥናት ልብ የሚባለው አንድ ነገር አለ። በዚያ ቡድን ውስጥ ሚኒሶታ ያደገው፣ በአሜሪካ ዋና ሊግ የተጫወተው ፉአድ ኢብራሂም ነበር። ዩሱፍ ሳላህ ደግሞ ከስዊድን መጥቷል። ስደት የወሰዳቸው ልጆች በአገር ስም ሲሰለፉ ዲያስፖራው ተመልካች ብቻ እንዳልሆነ ታየ። ይህም በየከተማው መናፈሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን ለሚያሠለጥኑ አባቶች ትንሽ መልስ ነበር።

5. ሳንሆዜ እንደገና፣ 2014

ነባሩ ፌዴሬሽን በ2013 ሠላሳኛ ዓመቱን በሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ አከበረ። በ2014 ደግሞ ወደ ሳንሆዜ ተመለሰ። አሁንም የዓለም ዋንጫ ነበር፤ የብራዚሉ። በአራት ዓመት ውስጥ ግን ብዙ ነገር ተለውጧል። በኦገስት 2012 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አርፈዋል። ስልክ ሁሉ ካሜራ ሆኗል፤ ሜዳው ላይ የሆነው በዚያው ደቂቃ በፌስቡክ አዲስ አበባ ይደርሳል። ፌዴሬሽኑም ያለ አንድ ትልቅ ስፖንሰር መቆም እንደሚችል በሦስት ተከታታይ ዓመታት አሳይቷል።

እንዴት ቻለ? መልሱ ጀግንነት አይመስልም። ትኬት ሸጠ፤ ለምግብና ለልብስ ነጋዴዎች የድንኳን ቦታ አከራየ፤ ከብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ትንሽ ትንሽ ስፖንሰር ሰበሰበ፤ የከተማው በጎ ፈቃደኞች በር ላይ ቆሙ፣ ውኃ አደሉ፣ ቆሻሻ አነሡ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እንደ በጀት ዕቅድ ሊነበብ ይችላል። ሃምሳው ሰው የተሸከመውን ድርጅት አንድ ሰው ትቶ ቢሄድ አንድ ሎሚ ብቻ ነው የሚጎድለው። አንድ ሰው የተሸከመው ድርጅት ግን ሰውዬው ሲቆጣ ይፈስሳል።

6. የመጨረሻው ፈተና

አሥር ዓመቱ ሳያልቅ አንድ ተጨማሪ ፈተና መጣ። በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወራት ውስጥ በዳላሱ ውድድር ላይ ለመገኘት ጠየቁ። ጊዜው የተስፋ ጊዜ ነበር፤ እስረኞች ተፈትተው ነበር፤ ብዙ ደጋፊ «ይምጡ» ይል ነበር። ፌዴሬሽኑ ግን የቀረው ጊዜ ለዝግጅት አይበቃም ብሎ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጁላይ መጨረሻ በራሳቸው መርሐ ግብር መጥተው ሕዝቡን በዋሽንግተን፣ በሎስ አንጀለስና በሚኒያፖሊስ አገኙት።

ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ለእኛ ግን ዋናው ነጥብ ሌላ ነው። በ2010 ስለ አንዲት የክብር እንግዳ የተነሣ ጥያቄ ድርጅቱን እስከ መከፈል አድርሶት ነበር። በ2018 ከዚያ የሚበልጥ እንግዳ ጥያቄ መጣ፤ ሰው ተቆጣ፣ ተከራከረ፤ ውድድሩ ግን በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሜዳ ተካሄደ። ድርጅቱ በመካከሉ «አይሆንም» ማለትንም፣ «አይሆንም» ካለ በኋላ አብሮ መቆየትንም ተምሯል። በ2020 ሜዳውን ባዶ ያደረገው ወረርሽኙ ብቻ ነበር።

7. ሦስት ትምህርቶች ለማኅበራችን

ይህን ሁሉ ያነሣነው የታሪክ ፍቅር ብቻ ይዞን አይደለም። የተማሪ ማኅበራችንም በትንሹ ያው ድርጅት ነው፤ አባል አለው፣ ምርጫ አለው፣ የባህል ምሽት አለው፣ «ማንን እንጋብዝ?» የሚል ጭቅጭቅ አለው። ከ2020 በኋላ በአገራችን የሆነው ጦርነት ደግሞ በየኮሌጁ ያሉ ልጆችን ያኮራረፈ መሆኑን ማንም አይክደውም። አብሮ እንጀራ ይቆርስ የነበረ ተማሪ በስብሰባ ክፍል በተለያየ ጥግ የተቀመጠበት ዓመት አልፏል። ስለዚህ ትምህርቶቹ ለእኛ ናቸው።

አንደኛ፣ ደንብ ከጠብ በፊት ይጻፋል። እንግዳ የሚመረጠው እንዴት ነው? በስንት ድምፅ? ማን ሊሽረው ይችላል? ይህ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ስም ከተጠራ በኋላ የሚጻፈው ደንብ ሁሉ ለዚያ ሰው ወይም በዚያ ሰው ላይ የተጻፈ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከብዙ እጅ ይምጣ፤ ሒሳቡም ይታይ። በአሜሪካ ሕግ ትርፍ የሌላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዓመታዊ መግለጫቸውን፣ ማለትም ፎርም 990ን፣ ለጠየቀ ሁሉ ማሳየት አለባቸው። የምታዋጡበትን ማንኛውንም ማኅበር ፎርም ፈልጋችሁ አንብቡ። ሐሜት የሚያድገው ሒሳብ በማይታይበት ቦታ ነው።

ሦስተኛ፣ ትሪቡኑና ቦርዱ አንድ አይደሉም። ደጋፊው የፈለገውን ባንዲራ ይዞ፣ የፈለገውን ፖለቲካ በልቡ አድርጎ ይመጣል፤ መብቱ ነው። ቦርዱ ግን የሁሉንም በር መክፈት አለበት። ቦርዱ እንደ ደጋፊ መጮኽ ሲጀምር ሌላው ደጋፊ የሚቀመጥበት ቦታ ያጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ2012 ሁለቱም ወገኖች ስለ «ነጻነት» ተናግረዋል። አንዱ ከገንዘብ ነጻ መሆንን፣ ሌላው ከፖለቲካ ነጻ መሆንን ፈልጓል። አንድ ማኅበር ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል? እንዴት?

2. በ2018 የቦርዱ አባል ብትሆኑ ኖሮ ምን ብላችሁ ድምፅ ትሰጡ ነበር? መልሳችሁ የጋባዡን ደንብ ይጠቅሳል ወይስ የእንግዳውን ማንነት?

3. በማኅበራችን ስብሰባዎች ላይ የማይመጡት የአገራችን ልጆች እነማን ናቸው? ያልመጡት ስላልተጋበዙ ነው ወይስ ተጋብዘው በሩ የእነሱ ስላልመሰላቸው?

4. በ2010 ወይም በ2014 ሳንሆዜ ላይ የነበረ አንድ ዘመድ ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ አባት፣ አክስት፣ የታክሲ ባልደረባ፣ ምግብ የሸጠች እናት። ያን ሳምንት ከማን ጋር ተገናኙ? በ2012ስ የት ሄዱ? ወይስ ቤት ቀሩ? የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ወደ ስብሰባ አምጡ። የዚህ ታሪክ አብዛኛው ክፍል ገና በሰው ልብ ውስጥ ነው ያለው፤ በ2010 በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ኳስ ያየ ልጅ ዛሬ ኮሌጅ ገብቷልና መጻፉ የእኛ ተራ ነው።